ባሕሩ የነጎደበት ሌሊት፦ ከፋሐሂል ማዶ ስለቆመችው መርከብ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ከወትሮው ለየት ያለ ነገር ነው። የደሞዝ ጉዳይ አይደለም፣ የኢቃማም አይደለም። የአንዲት የጦር መርከብ ታሪክ ነው። «ለእኛ ደግሞ መርከብ ምን ያደርግልናል?» እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ኩዌት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 25 እና 26 በዓል ነው። መኪናው ሁሉ ባንዲራ ይለብሳል፣ ልጆቹ የውሃ ሽጉጥ ይዘው መንገደኛውን ሁሉ ይረጩ ነበር። እኛ ደግሞ ማታ የራሰ ልብስ ስንለቅምና መኪና ስንወለውል እናመሽ ነበር። 26ኛው ቀን ከኢራቅ ወረራ ነፃ የወጡበት ነው። በእኛ የካቲት 19 ይውላል፤ ዓድዋ አራት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። እኔ ለሦስት ዓመት ያንን በዓል የማውቀው በጽዳቱ ብቻ ነበር።

የምሠራው ፋሐሂል ነው፣ ትልቋን ማማ ነው የምንከባከበው። እግሯ ስለማይታዘዝላት ማታ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል በዊልቸር ወደ ባሕሩ ዳር እወስዳታለሁ። አል ኩት ሞል ያለበትን፣ የዓሣ ገበያው አጠገብ ያለውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ወደ ደቡብ ስትዞሩ የሚና አል-አሕመዲ ነዳጅ ማጣሪያና የሹዐይባ መብራት ይታያል። አንድ ቀን ማማ በእጇ ወደዚያ አመልክታ «እዚያ ጋ ባሕሩ ነጎደ» አለችኝ። ሰማዩ ነው የሚነጉደው ብዬ ላርማት አሰብኩ። «አይደለም፣ ባሕሩ ነው። ከነፃነቱ አንድ ቀን በፊት፣ ሌሊቱን ሙሉ ባሕሩ ነጎደ፣ ቤቱ ተንቀጠቀጠ» አለች።

ነገሩ አልወጣልኝ አለ። ሥራ ጨርሼ ክፍሌ ስገባ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። አንብቤ አንብቤ ያገኘሁት ይኸውላችሁ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ሐምሌ 26 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ኦገስት 2 ቀን 1990፣ የሳዳም ሁሴን ጦር ኩዌትን ወረረ። ትንሽ ሀገር ናት፣ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ከዚያ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ኅዳር 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ተሰብስቦ፣ ኢራቅ እስከ ጃንዋሪ 15 ካልወጣች በኃይል ትውጣ ብሎ ወሰነ። ቁጥር 678 የሚባለው ውሳኔ ነው። አሥራ ሁለት ሀገር ደገፈ፣ ኩባና የመን ተቃወሙ፣ ቻይና ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች። እና ከደጋፊዎቹ አንዷ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ኢትዮጵያ! ያኔ የምክር ቤቱ አባል ነበረች። እኛ ኩዌት መጥተን እንጀራችንን ከመፈለጋችን በፊት ሀገራችን ለኩዌት እጇን አውጥታለች። ይኼንን እኔ አላውቅም ነበር፣ የምሠራባቸው ሰዎችም አያውቁም።

ያኔ እዚህ የነበሩ የቤት ሠራተኞች በብዛት የእስያ ሰዎች ነበሩ። የእኛ ሰው በብዛት መምጣት የጀመረው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ያለውን ጥሎ በኢራቅ አቋርጦ ዮርዳኖስ ገባ፣ በረሃ ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። የመንገድ ገንዘብ ያጡ፣ ፓስፖርታቸው በእጃቸው ያልነበረ፣ ወይም ልጆቹን ጥለው መሄድ ያቃታቸው ደግሞ በየቤቱ ቀሩ። ማማ ቤትም አንዲት የስሪላንካ ልጅ ቀርታ ነበር። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ መርከቢቱ። ስሟ ሚዙሪ ነው። ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ተሠርታ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 1944 ውሃ ውስጥ ገባች። ርዝመቷ 270 ሜትር ነው፣ ከሁለት የኳስ ሜዳ በላይ። ዘጠኝ ትልልቅ መድፍ አላት፤ በሦስት ቦታ፣ ሦስት ሦስት ሆነው የተተከሉ። የመድፉ አፍ ስፋት 406 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሕፃን ልጅ ሊገባበት ይችላል። የምትተኩሰው ጥይት፣ ቀላሉ 862 ኪሎ ይመዝናል፣ ከባዱ 1,225 ኪሎ። በእኛ አቆጣጠር ስናስበው አንዱ ጥይት ከስምንት ኩንታል ጤፍ በላይ፣ ሌላው ከአሥራ ሁለት ኩንታል በላይ ማለት ነው። ያንን ተሸክሞ የሚሄደው ደግሞ 38 ኪሎ ሜትር ያህል። ከፋሐሂል እስከ ኩዌት ከተማ መሃል በአውቶቡስ የምንሄደውን መንገድ በአየር ላይ ያቋርጠዋል። እንዲህ ያለ መርከብ ዋና ሥራው ከሌላ መርከብ ጋር መታኮስ ነበር፤ በኋላ ግን አውሮፕላን ያንን ሥራ ስለወሰደባት ከባሕር ሆና የብስ ላይ ያለውን ጠላት መደብደብ ሥራዋ ሆነ።

ሚዙሪ ጃፓን ላይ ተዋግታለች፤ በኢዎ ጂማና በኦኪናዋ ነበረች። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 ጃፓን እጇን የሰጠችበት ወረቀት የተፈረመው ቶኪዮ ባሕር ላይ፣ በእሷ ወለል ላይ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያለቀው እዚያ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ኮሪያ ዘመተች። አያቶቻችን ቃኘው ሻለቃ ሆነው የዘመቱበትን የኮሪያ ጦርነት ማለቴ ነው። የእኛዎቹ በተራራው ላይ ሲዋጉ፣ ሚዙሪና እህቷ ዊስኮንሲን በየተራ እየመጡ የባሕሩን ዳር በመድፍ ይመቱ ነበር። የአንድ ጦርነት ሁለት ጫፍ ናቸው። ከእኛ ከ120 በላይ ሰው እዚያ ወድቋል፤ አንድም ግን አልተማረከም።

ከኮሪያ በኋላ ሚዙሪ ጡረታ ወጣች። እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ያህል ታስራ ቆመች። በ1986 እንደገና አደሷትና ቶማሃውክ የሚባለውን ሚሳኤል ጫኑባት። አምስት ዓመት ሳይሞላት ወደዚህ ወደ እኛ ባሕር መጣች። ዊስኮንሲንም አብራት መጣች። ጦርነቱ ጃንዋሪ 17 ቀን 1991 ሲጀመር ሁለቱም ኢራቅ ላይ ሚሳኤል ተኮሱ። ሚዙሪ በጠቅላላው 28፣ ዊስኮንሲን 24። መድፋቸውን የተኮሱት ግን ፌብሩዋሪ ሲገባ ነው፤ በመጀመሪያ ከሳዑዲ ድንበር፣ ከኻፍጂ አካባቢ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኩዌት ባሕር ዳር እየተጠጉ።

እህቶቼ፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

የኢራቅ ጦር አሜሪካኖች ከባሕር ይመጣሉ ብሎ ነበር የሚጠብቀው። በባሕሩ ዳር ብዙ ክፍለ ጦር አሰለፈ። አሸዋው ላይ ምሽግ ቆፈረ፣ ሽቦ ዘረጋ፣ ፈንጂ ቀበረ። ባሕሩ ውስጥም ከ1,000 በላይ ፈንጂ ጣለ። ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያዩትን ፎቆች የመትረየስ ቦታ አደረጋቸው። ዛሬ እኛ ሻይ በቴርሞስ ይዘን የምንቀመጥበት አሸዋ ማለት ነው።

አሜሪካኖቹም እውነትም ከባሕር የመግባት ዕቅድ ነበራቸው። የሚወርዱበትም ቦታ ሹዐይባ ነበር፣ ከፋሐሂል ትንሽ ወደ ደቡብ። በሺህ የሚቆጠሩ ማሪኖች መርከብ ላይ ሆነው ይጠብቁ ነበር። ፌብሩዋሪ 2 ቀን ጄኔራል ኖርማን ሽዋርዝኮፍ ብሉ ሪጅ በምትባል መርከብ ላይ ከባሕር ኃይሉና ከማሪኖቹ አዛዦች ጋር ቁጭ ብሎ ተማከረ። ሹዐይባ ላይ ለመውረድ ምን ያስፈልጋል? ፈንጂውን ለመጥረግ ብዙ ቀን። ከዚያ ደግሞ ወታደር የመሸገባቸውን የባሕር ዳር ፎቆች በሙሉ ማፍረስ። እዚያው ያለው የጋዝ ፋብሪካም አለ፤ እሱ ከፈነዳ አካባቢውን ሁሉ ይዞት ይሄዳል። በመጨረሻ የተወሰነው ምን ሆነ? ከባሕር አንገባም። ነገር ግን የምንገባ እናስመስል።

በእኛ ሀገር «ጅብን ሲወጉ በአህያ ይጠጉ» ይባል የለ? ሚዙሪ አህያዋ ሆነች። እሷ በባሕሩ በኩል ትጩህ፣ ታጋራ፣ ሁሉም ወታደር ዓይኑን ባሕሩ ላይ ይትከል፤ እውነተኛው ጦር ግን ከጀርባ፣ በበረሃው በኩል ይግባ።

ማስመሰሉ ግን ቀልድ አልነበረም። ውሃው ጥልቀት የለውም፣ ፈንጂው ብዙ ነው። ፌብሩዋሪ 18 ቀን ትሪፖሊና ፕሪንስተን የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ መርከቦች በጥቂት ሰዓት ልዩነት ፈንጂ መታቸው። ትሪፖሊ ራሷ ለፈንጂ ጠራጊዎቹ መሪ የነበረች ናት። የሚዙሪ መድፍ ባሕር ዳሩን እንዲደርስ ፈንጂ ጠራጊዎቹ ከፊት እየጠረጉ መንገድ መክፈት ነበረባቸው። እንዲያ እንዲያ እያለች ተጠጋች።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን ንጋት ላይ እግረኛውና ታንኩ ከሳዑዲ በኩል በበረሃው ገባ። በማግሥቱ፣ በ25ኛው፣ ገና ሳይነጋ ሚዙሪ በሹዐይባ በኩል መድፏን አወረደችው። ማሪኖችን የጫኑ የሚመስሉ ሄሊኮፕተሮች ከባሕሩ ተነስተው ወደ ዳርቻው በረሩ፤ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ዞረው ተመለሱ። ኢራቆቹ አመኑ። ከባሕር ዳር ሆነው ሲልክዎርም የሚባል ሚሳኤል ሁለት ጊዜ ተኮሱ። አንደኛው ባሕር ውስጥ ወደቀ። ሁለተኛው በቀጥታ ወደ ሚዙሪ በኩል መጣ። ያኔ አጠገቧ የነበረችው የእንግሊዟ መርከብ ግሎስተር በራሷ ሚሳኤል አየር ላይ መታችው። ሚዙሪም ሚሳኤሉ የተነሳበትን ቦታ በመድፍ ደበደበችው። በዚያ ግርግር ጃሬት የምትባል የወገን መርከብ ራሷ ሚዙሪን በጥቂት ጥይት መታታለች፤ በጨለማ ወገንና ጠላት እንዴት እንደሚምታታ አስቡት።

ማማ «ባሕሩ ነጎደ» ያለችኝ ይኼ ሌሊት ነው።

ሰማዩ ቀድሞውንም ጥቁር ነበር። የኢራቅ ጦር ሲወጣ ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓድ ላይ እሳት ለኮሰ፤ ትልቁ የቡርጋን ነዳጅ ደግሞ ከአሕመዲ ጀርባ ነው፣ ለፋሐሂል ቅርብ። የመጨረሻው እሳት የጠፋው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። ማማ እንደምትለው ቀንና ሌሊቱ አይለይም ነበር፣ ልብስ ውጭ ቢሰጣ ጥላሸት ለብሶ ይገባል። ቤተሰቡ በሙሉ ከመስኮት ርቆ ምድር ቤት ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ አንጥፎ ነበር የሚተኛው። የስሪላንካዋ ልጅ በበሩ በኩል። መድፉ ሲጀምር ትንሹን ልጅ እቅፍ አድርጋ ጆሮውን በሁለት እጇ ደፈነችው። ያ ትንሹ ልጅ ዛሬ ባባ የምንለው ነው፤ እኔን ያስመጣኝ ሰውዬ።

ያነበብኩትን ለማማ በተሰባበረ ዓረብኛዬ ነገርኳት። ከባሕር የመግባቱን ሐሳብ እንደተዉት፣ መድፉ ሁሉ ለማዘናጊያ እንደነበረ። ዝም ብላ ሰማችኝና «አይመጡም ነበር ማለት ነው?» አለች። «እኛ እኮ ያንን ድምፅ ስንሰማ ‹መጡ!› ብለን አለቀስን። እስኪነጋ በባሕሩ በኩል ስንጠብቃቸው ነበር።»

ይኼ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ማታለያው የተዘጋጀው ለጠላት ነበር፤ ውስጥ ያሉትም ምስኪኖች ግን አብረው ተታለሉ። ደግሞ ሳስበው፣ ማታለያ ባይሆን ኖሮ ይባስ ነበር። ሽዋርዝኮፍ ያን ቀን «እንውረድ» ቢል ኖሮ ይኼ ባሕር ዳር ከነፎቁ ከነጋዙ ይፈርስ ነበር። ኮሪደር ላይ የተኙትም፣ ጆሮ የደፈነችውም ልጅ እዚያ ውስጥ ነበሩ። የዳኑት የሚጠብቁት ሰው ስላልመጣ ነው።

በማግሥቱ፣ ፌብሩዋሪ 26፣ ኢራቆቹ ሸሹ። 28ኛው ቀን ላይ ጦርነቱ ቆመ። እግረኛው ጦር ከገባ መቶ ሰዓት ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፣ ይኼንን የሰማ አይረሳውም። ፋይለካ ደሴትን ታውቋታላችሁ? አንዳንዶቻችሁ ከቤተሰቡ ጋር በጀልባ ሄዳችሁ ይሆናል፤ ጥይት የበሳሳቸው ቤቶች ዛሬም እዚያ ቆመዋል፣ ነዋሪው ከወረራው በኋላ ተመልሶ አልሰፈረባትም። ሁለቱ መርከቦች ካሜራ ያላት ፓዮኒር የምትባል ሰው የሌለባት ትንሽ አውሮፕላን ነበረቻቸው። ወታደሩ የት እንዳለ በእሷ ያዩና በመድፍ ይመታሉ። በኋላማ ወታደሮቹ ነቁ፤ ያቺ ትንሽ አውሮፕላን ከመጣች መድፉ ይከተላል። ፋይለካን ሚዙሪ ከመታች በኋላ የዊስኮንሲን አውሮፕላን ዝቅ ብላ ስትመጣ፣ የኢራቅ ወታደሮች ነጭ ጨርቅ እያውለበለቡ ወጡ። ሰው ለማሽን እጁን ሲሰጥ በዓለም የመጀመሪያው ነው ይባላል። ከደሴቷ ከ1,400 በላይ ወታደር ተማረከ። ዛሬ በየጦርነቱ የምንሰማው የድሮን ታሪክ አንዱ መነሻ ከዚሁ ከኩዌት ባሕር ላይ ነው።

ሚዙሪ እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1992 ለመጨረሻ ጊዜ ጡረታ ወጣች። የእሷን ዓይነት መርከብ ዛሬ አንድም ሀገር አያሠራም። ሃዋይ፣ ፐርል ሃርበር ላይ ሙዚየም ሆናለች፤ ዊስኮንሲንም ኖርፎክ የሚባል ከተማ እንዲሁ። ሰው ቲኬት ቆርጦ ይጎበኛቸዋል። በዚያ ጦርነት የተኮሱት ጥይት አንድ በአንድ ተቆጥሮ ተጽፏል፦ ሚዙሪ 783፣ ዊስኮንሲን 319።

እኔ ይኼንን ቁጥር ሳነብ የስሪላንካዋ ልጅ ትዝ አለችኝ። ማማን «ስሟ ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። ብዙ አሰበች፣ አልመጣላትም። «ጥሩ ዳቦ ትጋግር ነበር» አለች። ሰባት ወር ሙሉ ዱቄት እየቆጠበች ያንን ቤት ያበላች እሷ ናት። ከነፃነቱ በኋላ ሀገሯ ገባች፤ ደህና ትሁን አትሁን የሚያውቅ የለም። የመድፉ ጥይት ተቆጥሯል፣ ሙዚየምም አለው። የእሷ ስም ግን እዚህ ቤት ውስጥ የለም። ባባን ልጠይቀው አስቤ ነበር፣ ግን ፈራሁ። አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ።

የገረመኝ ሌላም አለ። እናቴን በስልክ ሳጫውታት፣ የካቲት 1983ን እሷም አትረሳውም። እኛ ጎጃሞች ነን። በዚያው ወር ዘመቻ ቴዎድሮስ ተጀምሮ ባሕር ዳር ከደርግ እጅ የወጣችበት ጊዜ ነው። እናቴም በዚያ ሰሞን መድፍ እየሰማች ጨቅላ ወንድሜን ደረቷ ላይ ለጥፋ ነበር። ማማና እናቴ በአንድ የካቲት፣ በሁለት ሀገር፣ አንድ ዓይነት ሌሊት አሳልፈዋል። ይኼንን ለማማ ስነግራት እጄን ይዛ ብዙ ቆየች። «እናትሽን ሰላም በይልኝ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች።

እህቶቼ፣ ሁለት ነገር ብዬ ላብቃ።

አንደኛ፣ በክረምት ቤተሰቡ በረሃ ድንኳን ሲተክል አብራችሁ የምትሄዱ፣ አሸዋ ላይ ብረት ነገር ብታዩ አትንኩ። ልጆቹንም አትፍቀዱላቸው። ከዚያ ጦርነት የቀረ ያልፈነዳ ነገር ዛሬም ይገኛል። ራቅ በሉና ለቤቱ ሰው ንገሩ፣ ወይም 112 ይደወል።

ሁለተኛ፣ አሮጊትና ሽማግሌ የምትንከባከቡ፣ ጠይቋቸው። «ያኔ የት ነበራችሁ? ቤት ውስጥ ከእናንተ ጋር የነበረችው ሠራተኛ ማን ነበረች?» በሏቸው። ስሟን ካስታወሱ ጻፉት። ከእኛ በፊት እነዚህን ሕፃናት አቅፎ ያደረ ሰው አለ።

ዛሬ ማታም ማማን ይዤ ባሕሩ ዳር ነኝ። ባሕሩ ዝም ብሏል። በሹዐይባ በኩል መብራቱ ይታያል፣ ልጆች አሸዋ ላይ ይሯሯጣሉ። አምላክ ለሁላችንም ሰላም ያድርገው፣ ለሀገራችንም። ደህና እደሩልኝ።